ቁልቁል የሄደችው የኪራይ መኪና

መኪናዋን ያገኘናት አራት ጎማዋን ወደ ሰማይ ሰቅላ ነው። ከመንገዱ ጠርዝ እስከ ወደቀችበት ሰማንያ ሜትር ይሆናል። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ በገመድ ታስሬ ወርጄ አየኋት፤ ጉልበቴ ይኸው እስከ ዛሬ አልማረኝም። ነጭ፣ ትንሽ፣ በሯ ላይ የአከራዩ ቤት ምልክት የተለጠፈባት የኪራይ መኪና ነች። ውስጧ አንድ የሞተ ሰው ብቻ አለ። የሾፌሩ ወንበር ወደ ኋላ ተለጥጧል፣ ቀበቶ አልታሰረም፣ ሰውየው እግሩ ላይ ካልሲ ብቻ ነው ያለው።

"ጫማውን አውልቆ የሚነዳ የለም፤ ተኝቶ ነው የወደቀው" አለ ሳጅኑ፣ ከላይ ሆኖ ስነግረው።

"ጎሽ! አንተ እዚያ ቆመህ ደረስክበት፣ እኔ እዚህ ተንጠልጥዬ።"

ሳጅኑ አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ ሠርቷል። ጠንካራ ሰው ነው፤ ተራራ መንገድ ላይ ግን ያስመልሰዋል። ይህ ደግሞ ሠላሳ ሰባት መታጠፊያ ያለው መንገድ ነው። ሰዎች ለሽርሽር ብለው መኪና ተከራይተው የሚመጡበት፣ እኛ ደግሞ በሥራ ምክንያት እየተሳደብን የምንወጣው።

መኪናዋ ቆማ የነበረችው መመልከቻው ላይ ነው። መመልከቻ ማለት መንገዱ ዳር ሰፋ ያለ፣ ጠጠር የለበሰ ቁልቁለት ነው። ገደሉ አፍ ላይ አጭር የድንጋይ አጥር አለ፤ መሃሉ ተንዷል፣ የሚጠግነውም የለም። መንገደኛው ሁሉ የመኪናውን አፍንጫ ወደዚያው ክፍት አዙሮ ያቆማል። ፎቶው ያምራላ!

አጥሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። አንዲት ሻይ ሻጭ ካፖርቷን ደርባላቸዋለች። የሟቹ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ በጉዞው የነበሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

"ጋሼ፣ ምን ሆነ?"

"ሽንት ልሸና ከዚያ ቋጥኝ ጀርባ ሄድኩ። ስመለስ መኪናዋ የለችም።"

"ድምፅ አልሰሙም?"

"ሰማሁ። ድንጋይ የተናደ ነው የመሰለኝ። ዓይኔ ጥላ ጥላውን ነው የሚያየው፤ የዓይን ግፊት አለብኝ። ሐኪሙ በጥቂት ወር ውስጥ ይጠፋል ብሎኛል። ሳይጠፋ ተራራውን ልየው ብዬ ነው የመጣነው። ድሮ በዚህ መንገድ ከባድ መኪና እነዳ ነበር።"

"ወንድምዎ ሲያቆም የእጅ ፍሬን ይዞ ነበር?"

"ይዞ ነበር። ግን ፍሬኗ ላላ ያለች ናት። ጠዋት ስንነሳም 'ይቺ ፍሬን ትለግማለች' እያለ ነበር።"

ሻይ ሻጯን ጠየቅኳት። ዳሷ ከመታጠፊያው ወዲያ ነው፤ ምንም አላየችም። ግርግሩን ሰምታ ስትሮጥ የደረሰችው ሽማግሌው ገደሉ አፍ ላይ ተንበርክከው የወንድማቸውን ስም እየጠሩ ሳለ ነበር። "አንጀቴን በሉት" አለችኝ። እውነቱን ለመናገር የኔንም በልተውታል።

ሳጅኑ መሬቱን ፎቶ አነሳ፤ ቦታውን በገመድ አጥረን ወረድን።

*

የአከራዩን ቤት ባለቤት ሠፈሩ "ሽቶ" ይለዋል። በማግስቱ ገና ቢሮው ሳልገባ ነው ለምን እንደሆነ የገባኝ።

"ያሳዝናል፣ በጣም ያሳዝናል" አለ ወንበር እየሳበልኝ። "ግን ሰነዳችን ንጹሕ ነው።"

ሰነዱ አንድ ገጽ ነው። መኪና ከመውጣቷ በፊት መካኒኩ ይዞራትና ጭረቱን ሥዕሏ ላይ ይከብባል፤ ከሥር ጎማ፣ መብራት፣ ፍሬን እያለ ምልክት ያደርጋል። "የእጅ ፍሬን" ከሚለው ጎን የደህና ምልክት አለ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ከፍ አደረግኩት። እዚያች ቦታ ላይ ስስ ነው፤ ተፍቋል።

"ይህን ማን ፋቀው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? የፈረመው መካኒኩ ነው።"

መካኒኩን አስጠራሁት። አጭር፣ እጁ በዘይት የጠቆረ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ነው። ወረቀቱን አይቶ ባለቤቱን ቀና ብሎ አየው።

"ላላ ብላለች ብዬ ጽፌ ነበር። 'ቅዳሜ ነው፣ ሌላ መኪና የለንም፣ ትውጣ' አልከኝ እኮ።"

"እኔ? መቼ?" አለ ሽቶ።

"ትናንት ጠዋት! እዚሁ ቆመህ!"

"ወንድሜ፣ በኔ አታመካኝ። አሥራ ሁለት ዓመት እንደ ወንድም ነው ያኖርኩህ።"

መካኒኩ ሰውየውን አሁን ገና እንዳየው ሁሉ ከላይ እስከ ታች አየው።

"የልጄን ስም ያወጣኸው አንተ ነህ" አለው ቀስ ብሎ። "ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይኼ ነው።"

ዓይን ያወጣ ውሸት እንደሆነ አውቄያለሁ። ግን ፊርማው የመካኒኩ ነው፣ እማኝ የለም። የኛ ባለሙያም ስልክ ደውሎ የፍሬኑ ገመድ አልተበጠሰም፣ ላልቷል፣ መኪናዋን ሊያንሸራትት ይችላል አለ። የእጅ ፍሬኑ ዘንግ ሙሉ በሙሉ ወደ ታች ነበር፤ ይህ ደግሞ ስትገለባበጥ ሊሆን ይችላል። አለቃዬ "ሰው በቸልተኝነት ሞቷል፣ መካኒኩ ይታሰር" አለ። አሰርኩት። ሚስቱ ጣቢያው በር ላይ ስትመጣ በሌላው በር ወጣሁ። ይህን ስናገር አላፍርም አልልም።

*

መኪናዋን የተከራየችው ልጅቷ ናት። የታላቅየው ልጅ፣ የሟች የወንድም ልጅ፤ ዕድሜዋ ሃያ ስድስት፣ ሥራዋ መድኃኒት ቤት። ነጭ ጋውኗን ሳታወልቅ መድኃኒቶቹ መሃል ቆማ አናገረችኝ።

"አባዬን መቼ ነው የምንቀብረው?"

"አባትሽ ደህና ናቸው እኮ" አልኳት።

"እሳቸውን ማለቴ አይደለም። አባዬ ያሳደገኝ ነው፣ የሞተው።" ከንፈሯን ነከሰች። "እሳቸው እናቴን የገደሉ ናቸው።"

አራት ዓመቷ ሳለ አባትየው በዚያው ተራራ ላይ ከባድ መኪና እየነዱ ገልብጠዋል። እናትየው ሞተች። ስምንት ዓመት ተፈረደባቸው። አጎትየው ሳያገባ ሳይወልድ እሷን አሳደገ፤ ትምህርት ቤት ያደረሰው፣ ፀጉሯን እንኳ ሹሩባ መሥራት የተማረላት እሱ ነው።

"ታዲያ ጉዞውን ለምን አሰናዳሽ?"

"ዓይናቸው ሊጠፋ ነው ሲሉኝ ጨነቀኝ። እኔ አብሬያቸው መሄድ አልቻልኩም፣ አልወጣልኝም። ለአባዬ 'አንተ ውሰዳቸው፣ ወንድምህ ናቸው፣ ታረቁ' አልኩት። አልሄድም ብሎ ነበር እኮ! እኔ ነኝ የለመንኩት። መኪናውም በኔ ስም ነው፣ ቀኑንም የመረጥኩት እኔ ነኝ።" አሁን ነው ያለቀሰችው። "ያንን መካኒክ እንዳትለቂው።"

*

መካኒኩ በሁለተኛው ቀን አስጠራኝ። አልተኛም፤ ፂሙ አድጓል።

"ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ልበል። ላላ ያለች መሆኗን ደብቄ አልሰጠኋቸውም። ቁልፉን ስሰጥ 'ቁልቁለት ላይ ስታቆሙ ታኮ አድርጉ' ብያቸዋለሁ።"

ታኮ ማለት መኪና እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር የሚደረግ ድንጋይ ነው።

"ለማን ነው ያልከው?"

"ለሁለቱም። ሽማግሌው ሳቁብኝ። 'ይህን ለኔ ነው የምትነግረኝ? አሥራ አምስት ዓመት ታኮ ሳላደርግ ያቆምኩበት ቀን የለም፤ አሁንም የከባድ መኪና ማቆሚያ ጠባቂ ነኝ፣ ሥራዬ እሱ ነው' አሉኝ።"

"ታዲያ ታኮ ከነበረ መኪናዋ እንዴት ሄደች?"

"እኔም የማይገባኝ እሱ ነው። እባክዎ፣ አምስት ዓመት ብታሰር ልጄ አያውቀኝም።"

ሽማግሌው ስለ ታኮ አንዲት ቃል አልተነፈሱልኝም ነበር።

ሳጅኑን "ተነስ፣ ተራራ እንወጣለን" አልኩት። ፊቱ ገና ከጣቢያው ሳንወጣ ገረጣ።

*

ሃያ ስምንተኛው መታጠፊያ ላይ "አቁሚ!" አለኝ። አቆምኩ። ዳገት ስለሆነ ወርዶ አንድ ድንጋይ ከጎማው ሥር ሻጥ አደረገና ወደ ዳር ሮጠ። ሆዱን ባዶ አድርጎ ሲመለስ ድንጋዩን በእግሩ ገፋ አድርጎ መኪና ውስጥ ገባ። ገና ሞተር ሳላስነሳ ከኋላችን የመጣ የጭነት መኪና ጥሩምባውን አስጮኸብን። ሾፌሩ በመስኮት ወጥቶ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም።

"አንተ! ድንጋዩን ለማን ነው የተውከው? ለኔ ጎማ ነው?"

"ፖሊስ ነን!" አለ ሳጅኑ።

"ፖሊስ ብትሆንስ? አንሣው! ታኮውን መንገድ ላይ ጥሎ የሚሄድ ሾፌር አይባልም! የመጀመሪያ ቀን ረዳት እንኳ ያውቀዋል!"

ሳጅኑ እየተነጫነጨ ወረደና ድንጋዩን አንስቶ ከመንገድ ውጭ አስቀመጠው። እኔ ግን መሪውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

"ምን ሆንሽ?"

"ግባ። ቶሎ ግባ።"

መመልከቻው ላይ ያጠርነው ገመድ አልተነካም፤ ዝናብም አልጣለም። በጉልበቴ ተንበረከክሁ፣ በዚያው በማይረባው ጉልበቴ። የፊት ጎማው ከቆመበት ወደ ገደሉ በኩል ትንሽ ፈንጠር ብሎ ጠጠሩ ላይ የእራት ሳህን የምታህል ጉድጓድ አለች፤ ድንጋይ ተጭኗት የነበረች። የጎማው መስመር በላይዋ አልፏል፤ የጎማው ጥርስ ጉድጓዷ ውስጥ ሁሉ ታትሟል። የሳጅኑ የመጀመሪያ ቀን ፎቶ ላይም ያው ነው፤ ዓይናችን ሥር ሆኖ ሳናየው ቀረን።

"እና?" አለ ሳጅኑ።

"እናማ ጎማው ሲያልፍ ድንጋዩ አልነበረም። መኪናዋ ድንጋዩን ገፍታው ብትሄድ ኖሮ የሚጎተትበት ምልክት ይኖር ነበር። መጀመሪያ ሰው በእጁ አነሳው፣ ከዚያ ነው የሄደችው። የት አስቀመጠው?"

ሳጅኑ አጥሩ ላይ አገኘው። ሽማግሌው ተቀምጠውበት ከነበረው ቦታ ሁለት ክንድ አይርቅም። የአጥሩ ድንጋዮች ሁሉ በፀሐይ ነጭተዋል፤ ይኼ አንዱ ግን አንድ ጎኑ ላይ የጎማ ጥቁረት አለበት፣ ሥሩ ላይ ደግሞ የደረቀ ጭቃ። ማንም እንዳይመታው ተብሎ በጥንቃቄ ተቀምጧል።

ሊደብቀው ያሰበ ሰው ቢሆን ገደል ይከተው ነበር። ተራ ሰው ቢሆን እንደ ሳጅኑ በእግሩ ይገፋዋል። ወንድሙን ሊገድል እየተሰናዳ፣ ለሚቀጥለው መኪና ጎማ የሚያስብ አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ የድሮ የከባድ መኪና ሾፌር። አመል ያወጣል ከመሐል ይባላል።

*

ታላቅየው የሚኖሩት በከባድ መኪና ማቆሚያው ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። አልጋ፣ ወንበር፣ በግድግዳው ላይ ከጋዜጣ የተቆረጠ የተራራ ሥዕል። ስገባ በድምፄ አወቁኝ።

ድንጋዩን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። በጣታቸው ዳሰሱት፤ ጥቁረቱ ያለበት ጎን ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

"አንድ መካኒክ ታስሯል" አልኳቸው። "ልጅ አለው። ያልሠራውን ሥራ ተሸክሞ ወህኒ ሊወርድ ነው። ዝም ይላሉ?"

"በሰው ኃጢአት መታሰር ምን እንደሆነ ለኔ ነው የምትነግሪኝ?" ብለው ጮኹ።

እስከዚያች ደቂቃ "እርስዎ" ሲሉኝ ነበር። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ እኔም የፈለግኩትን ፈልጌ ያልፈለግኩትን አወጣሁ።

"የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ማን ነበር የሚነዳው ጋሼ?"

ድንጋዩን ከጭናቸው አንስተው አልጋው ላይ አስቀመጡት።

"እሱ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ መንጃ ፈቃድ የለውም። 'ጋሼ፣ ትንሽ ልያዝ' አለኝ፣ ሰጠሁት። ባለቤቴ 'ተው' ብላኝ ነበር። እሷ ስትሞት እግሬ ላይ ወደቀ። ልጅ ነው ብዬ፣ እናታችን ትሞታለች ብዬ፣ 'እኔ ነኝ የነዳሁት' አልኩ። አንድ አደራ ብቻ ነው የሰጠሁት። ልጄን አሳድግልኝ፣ ነፍስ ስታውቅ እውነቱን ንገራት። በእናታችን ማለልኝ፣ እህቴ።"

"አልነገራትም።"

"ስምንት ዓመት አንድ ቀን መጥታ አልጠየቀችኝም። ወጣሁ፤ ትምህርቷን ትጨርስ አለኝ። ጨረሰች፤ ሥራ ትያዝ አለኝ። ሥራ ያዘች፤ አሁን ደስ ብሏታል፣ አትረብሻት አለኝ። በዚያን ቀን መመልከቻው ላይ ተቀምጠን፣ 'ዓይኔ ሳይጠፋ ንገርልኝ። ስታውቅ ፊቷን ልየው፣ አንድ ጊዜ ሳትጠላኝ ታየኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም' አልኩት።"

"ምን አለ?"

"'ጋሼ፣ አባዬ የምትለው እኔን ነው። ይህን አትንጠቀኝ። አንተ እንደሆነ ለምደኸዋል' አለኝ። ለምደኸዋል! ከዚያ ጫማውን አወለቀ፣ ወንበሩን ለጠጠ፣ 'ትንሽ ልረፍ' አለ። እንዲያ ብሎኝ አንኮራፋ፣ እህቴ። አንኮራፋ!"

ማስታወሻዬ ላይ መጻፍ አቆምኩ።

"ወርጄ ታኮውን አወጣሁ። አጥሩ ላይ አስቀመጥኩት። ተመልሼ በሩን ከፈትኩና ፍሬኑን ለቀቅኩት። መኪና ሲነሳ እንደሚደረገው፣ በተራው። ማርሽ አላስገባም ነበር። እጄ የለመደውን ነው የሠራው። መንከባለል ስትጀምር ልይዛት ሮጥኩ፤ አላየኋትም፣ ጥላ ነው ያየሁት።"

ቃላቸውን ተቀበልኩ። ጣታቸውን ቀለም ነክረው ከፈረሙ በኋላ እጄን ያዙኝ።

"መካኒኩን ዛሬውኑ ፍቱት። እኔ ገደልኩት፣ ይበቃል። ለምን እንደሆነ ግን ልጅቷ አትስማ። አባቴ ብላ የያዘችው እሱን ነው፤ እሱንም ካጣች ባዶዋን ትቀራለች። አደራ እህቴ።"

"እሺ" አልኳቸው። አልኩ።

*

መካኒኩ ያንኑ ቀን ተፈታ። ሽቶ ጣቢያው በር ላይ ሊቀበለው መኪና ይዞ መጥቶ ነበር፣ እጁን ዘርግቶ፣ ፈገግ ብሎ። መካኒኩ የጋራዡን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ እግሩ ሥር ጣለለትና ከሚስቱ ጋር በእግሩ ሄደ። ስለ ተፋቀው ወረቀት ግን ከሽቶ ጋር ገና የምንነጋገረው አለን።

ልጅቷ በነጋታው ረፋድ ላይ መጣች። አባቷ እንዳደረጉት ሰምታለች። ጠረጴዛዬ ፊት ቆማ አንድ ቃል ብቻ ጠየቀችኝ፤ "ለምን?"

አደራ በላ ሰው እጠላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አደራ የበላውን ሰው አስቤ ስናደድ ነበር ያደርኩት። ቃል ሰጥቻለሁ፤ ይህም እውነት ነው። ግን ያቺን ልጅ ከእንግዲህ ሦስተኛ ሰው ሆኜ ልዋሽላት? አልቻልኩም። ፋይሉን ከፍቼ ሁሉንም ነገርኳት።

ሳታቋርጠኝ ሰማች። መጨረሻ ላይ ጋውኗን ጎትታ አስተካከለችና "ውሰጂኝ" አለች።

ሽማግሌው በምርመራ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። እሷ ገብታ መስኮቱ ጋ ቆመች፤ እኔ በሩ ላይ ቀረሁ።

"እህቴ፣ አንቺ ነሽ?" አሉ።

"እኔ ነኝ" አልኩ ከበሩ።

"ልጅቷ መጣች? ብትመጣ እንዳልኩሽ ነው። አደራሽን።"

"ነግራኛለች" አለች ልጅቷ።

ሽማግሌው ወደ እሷ አልዞሩም። ወደ እኔ ነው የዞሩት።

"አንቺም?" አሉኝ።

ስንት ሰው አስሬ፣ ስንት ሰው ሰድቦኝ፣ እንደዚያች ቃል የከበደኝ የለም።

"እሷን ይተዉአት" አለች ልጅቷ። "እሱ ዋሸኝ። እርስዎ ዋሹኝ። ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ስለኔ ተስማማችሁ፣ ማንን ልጥላ፣ ማንን አባዬ ልበል ብላችሁ ተከፋፈላችሁኝ። እኔን የጠየቀኝ አለ? ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠላሁዎት እኮ! ያንን ማን ነው የሚመልስልኝ? አሁን ደግሞ ያሳደገኝን ገደሉብኝ። ከማን ጋር ልዘን?"

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ። ዓይናቸውን አጠበቡ፣ ከፈቱ፣ እንደገና አጠበቡ።

"ብርሃኑ ከኋላሽ ነው" አሏት። "ጥላሽን ነው የማየው። ትንሽ ወደዚህ ዞር በይልኝ፣ ልጄ። ፊትሽን ልየው።"

ሁለት እርምጃ ነበር የሚበቃው። ልጅቷ ሰምታቸዋለች፤ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል። ከመስኮቱ ግን አልተንቀሳቀሰችም።